በግራዋ ቅጠል የብር ናኖፓርቲክል መሥራት፦ ከጅማ የሥራ ማስታወሻ

መስከረም መጨረሻ፦ ቅጠሉ

መነሻው ይህ ነው። ሲልቨር ናይትሬት (የብር ጨው) ውሃ ውስጥ ሲሟሟ የብር አዮን፣ ማለትም ኤሌክትሮን የጎደለው የብር አተም፣ ይለቃል። የቅጠል ጭማቂ ውስጥ ያሉ ፖሊፌኖል የሚባሉ የተክል ውሁዶች ለአዮኑ ኤሌክትሮን ሰጥተው ወደ ብርነት ይመልሱታል፤ አተሞቹ ተሰባስበው ከ100 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ ነው) ያነሱ ቅንጣቶች ይሆናሉ። የቀረው ፖሊፌኖልና ፕሮቲን ቅንጣቶቹን ከብቦ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ይይዛቸዋል። በተለመደው መንገድ ሶዲየም ቦሮሃይድራይድ ወይም ሲትሬት የሚባል ኬሚካል የሚገባበት ቦታ ላይ ቅጠል ገባ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የተሠራው ነገር ባክቴሪያ ይገድል እንደሆነ እናያለን።

ግራዋን መረጥን። ጅማ ውስጥ ግቢው ጥግ ግራዋ የሌለው ቤት ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል፤ በኦሮምኛ ኤቢቻ ይሉታል። ጋን ይታጠብበታል፣ ለሆድ ይጠጣል፣ ለቆዳም ይጠቀሙበታል። ውስጡ ያለውም የታወቀ ነው፦ ሉቲዮሊንን የመሰሉ ፍላቮኖይዶች፣ ሳፖኒኖች፣ መራራዎቹ ሴስኪተርፒን ላክቶኖች። እንዶድንም አስበን ነበር፤ አረፋ የሚሠራው ሳፖኒን በዝቶ ማማሰያ ማሽኑ ላይ ፍላስኩን አረፋ ሲሞላው ተውነው።

ቅጠሉን የሰጡን ከላብራቶሪው ጀርባ የሚኖሩ እማማ ናቸው። ለግራዋ ገንዘብ መቀበል ነውር ነው ብለው ስኳርና ሳሙና ወሰድንላቸው። የሙሉ ፕሮጀክቱ የቅጠል ወጪ ይኸው ነው፤ ገንዘቡ የሚያልቀው ሌላ ቦታ ነው፣ እንደርስበታለን።

ዝናቡ ገና ስላልወጣ መጀመሪያ የተሰጣው ቅጠል ሻገተና ተጣለ። የጅማ መስከረም በጥላ ለማድረቅ አይመችም። ሁለተኛውን በቧንቧ ውሃ ካጠብን በኋላ በተጣራ ውሃ ደጋግመን አለቀለቅነው፤ ከዚያ ሰፌድ ላይ ሳሳ አድርገን ዘርግተን ቬንትሌተር ከፈትንበት። በጣት ሲታሽ እስኪፈረፈር ድረስ ቆየ።

ለመፍጨት የተዋስነው የቡና መፍጫ ነበር። ባልደረባዬ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተና መልሶ ዘጋው። ልክ ነው፤ ቡና ክሎሮጀኒክ አሲድ አለበት፣ ክሎሮጀኒክ አሲድ ደግሞ ብቻውን የብር አዮንን ወደ ብርነት ይመልሳል። ግራዋ ሠራው ብለን የምንጽፈውን መፍጫው ጥግ የቀረ የቡና ዱቄት ሠርቶት ሊሆን ነው። አዲስ ሙቀጫ ተገዛ። በእጅ ተወቀጠ፣ በወንፊት ተነፋ፣ ክዳን ባለው ብልቃጥ ውስጥ ገባ። የክንድ ሕመሙ ለብቻው ነው።

ጥቅምት፦ ጭማቂው፣ ውሃውና ሚዛኑ

5 ግራም ዱቄት በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 70 ዲግሪ፣ 20 ደቂቃ። ብዙ መመሪያ ላይ «አፍላ» ይላል። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ግድም ነው፤ ስለዚህ እዚህ የፈላና ባሕር ዳርቻ የፈላ አንድ ሙቀት አይደለም። ቴርሞሜትር ቢከሩ ውስጥ ከትቶ 70 ላይ መያዝ ይሻላል፤ ሌላ ሰው ሊደግመው የሚችለው ያንን ነው።

ማጣራቱ ከተጠበቀው በላይ ያስመርራል። በቀጥታ ዋትማን ቁጥር 1 ማጣሪያ ወረቀት ላይ ሲፈስ ወረቀቱ ይደፈንና ጠብታ በጠብታ ይሆናል። አሁን የምናደርገው፦ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ማጥለል፣ እስኪዘቅጥ መተው፣ የላይኛውን ብቻ ቀስ አድርጎ ወረቀቱ ላይ ማፍሰስ። ወረቀት በእጅጉ ይቆጥባል።

ማቀዝቀዣ ውስጥ የተቀመጠው ጭማቂ ቅዳሜና እሑድን መብራት ሄዶ ሰኞ ሲከፈት ጠረኑ ተቀይሯል። ከዚያ ወዲህ ጭማቂ የሚዘጋጀው ሥራው በሚሠራበት ቀን ብቻ ነው። ደረቅ ዱቄቱ ግን አይበላሽም።

ወደ ውሃው። የላብራቶሪው የውሃ ማጣሪያ መሣሪያ ተበላሽቶ ስለነበር የባትሪ ውሃ ከመለዋወጫ ሱቅ ገዛን። ሱቁ የባትሪ አሲድም በተመሳሳይ ጀሪካን ስለሚሸጥ ፒኤች ወረቀት (አሲድነትን በቀለም የሚያሳይ) ይዞ መሄድ ብልህነት ነው። ከሁለት ሱቅ የተገዛውን ለየብቻ ሞከርነው፤ በንጹሕ ቱቦ ትንሽ ውሃ ቀድቶ ሲልቨር ናይትሬት ጠብ ማድረግ ብቻ ነው። አንዱ ወተት መሰለ፤ ክሎራይድ አለበት። የብር አዮን ክሎራይድ ሲያገኝ ሲልቨር ክሎራይድ ሆኖ ይዘቅጣል፣ ብርሃን ሲመታው ወደ ግራጫ ወይንጠጅ ይሄዳል። ሁለተኛው ጥርት እንዳለ ቀረ፤ ሥራው ሁሉ በእሱ ተሠራ። የቧንቧ ውሃማ ገና ሲነካው ነው የሚደፈርሰው። ይህን ፈተና ሳያደርጉ መጀመር ሲልቨር ናይትሬትን በከንቱ መድፋት ነው።

ሚዛን ላይ ሌላ ጣጣ አለ። 1 ሚሊሞላር (በሊትር የሞል አንድ ሺሕኛ) ሲልቨር ናይትሬት ለማዘጋጀት ለ1 ሊትር 0.17 ግራም ይበቃል። የእኛ ሚዛን የሚያነበው እስከ 0.01 ግራም ስለሆነ ስሕተቱ ብቻውን ወደ 6 በመቶ ሊደርስ ነው። መፍትሔው 1.70 ግራም በ100 ሚሊ ሊትር አሟሙቶ 0.1 ሞላር ክምችት መሥራትና ከዚያ 10 ሚሊ ሊትር ወስዶ ወደ 1 ሊትር ማቅጠን ነው። ሚዛኑ የማይችለውን ፒፔቱ ይሠራዋል። ጠርሙሱ ቡናማ፣ ላዩ ፎይል።

ጓንት። ጠብታው ሲያርፍ ቀለም የለውም፤ ከሰዓታት በኋላ ጣት ላይ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ በሳሙናም በሎሚም አይለቅም፣ ቆዳው ራሱ እስኪቀየር ይጠበቃል። ባልደረባዬ በዚያው ሳምንት ሰርግ ነበረበት።

ኅዳር፦ ቀለሙ ተቀየረ፤ ታዲያስ?

10 ሚሊ ሊትር ጭማቂ ወደ 90 ሚሊ ሊትር ሲልቨር ናይትሬት። መጀመሪያ ፈዛዛ ቢጫ፣ ከዚያ ጠጅ የመሰለ፣ በማግሥቱ ድፍን ቡናማ። ላብራቶሪ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ፎቶ አነሳ። ብዙ ጽሑፍ ላይ «የቀለም ለውጡ የናኖፓርቲክል መፈጠርን አረጋገጠ» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። እኔ ይህን ዓረፍተ ነገር አላምነውም።

ምክንያቴን በፍላስክ አሳያለሁ። ጎን ለጎን ደረደርናቸው፦ ጭማቂ ብቻ በውሃ የቀጠነ፣ ሲልቨር ናይትሬት ብቻ፣ ሁለቱ የተቀላቀሉበት፤ ሌላ ረድፍ ላይ ደግሞ እነዚሁ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ፒኤቻቸው ከፍ የተደረገ፣ ማለትም አሲድነታቸው የቀነሰ። ጭማቂው ብቻውን ፒኤች ሲጨምርለት ቡናማ ሆነ፤ ፖሊፌኖል በአልካላይ ውስጥ ኦክሲጅን ሲያገኝ ይጠቁራል። ሲልቨር ናይትሬቱ ብቻውን ፒኤች 10 ላይ ቡናማ ዝቃጭ ሰጠ፤ እሱ ሲልቨር ኦክሳይድ ነው፣ ቅጠል የሚባል ነገር አልነካውም። ስለዚህ ቡናማ ቀለም የሚሰጡ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል፤ የምንፈልገው አንዱን ነው። በዓይን የሚለያቸው የለም።

ፒኤች ግን ይጠቅማል። የግራዋው ጭማቂ በተፈጥሮው ትንሽ አሲዳማ ነው፤ እንዲሁ ሲተው ሂደቱ ቀርፋፋ ነው። ወደ 8 ሲነሳ ፈጠነ። ከ9 በላይ አላወጣነውም፣ ኦክሳይዱን በመፍራት። አሞኒያ ግን በፍጹም፦ ሲልቨር ናይትሬትና አሞኒያ ተቀላቅለው ሲቀመጡ የሚፈነዳ ውሁድ ይፈጥራሉ። መደርደሪያው ላይ የአሞኒያ ጠርሙስ አጠገቡ ነበር፤ ወደ ሌላ ክፍል ተወሰደ።

ብርሃንም ይገባበታል። መስኮት አጠገብ የተቀመጠው ፍላስክ ቁም ሳጥን ውስጥ ካለው ቀድሞ ጠቆረ። አሁን ሁሉም ፎይል ለብሶ 60 ዲግሪ ላይ ነው የሚቀመጠው።

በመሃል የቡና ለቀማው ደረሰ፤ ከተማው ዙሪያ የቡና ገለፈት ክምር በክምር ሆነ። መፍጫውን ያስጣለን ክሎሮጀኒክ አሲድ እዚህ ጠቃሚ ሊሆን ነው ብለን ከደረቀ ገለፈት በተመሳሳይ አሠራር ጭማቂ አወጣን። ከግራዋው ፈጠነ። ለብቻው ምዕራፍ ያስፈልገዋል፤ ጠርሙሱ ላይ ተጽፎበት ቆይቷል። ሌላ ነገር ባይሆን ገለፈቱ ወንዝ ዳር ከሚበሰብስ ይሻለዋል።

ኅዳር መጨረሻ፦ ዩቪ-ቪዝ

ዩቪ-ቪዝ ናሙናው የትኛውን የብርሃን ሞገድ ምን ያህል እንደሚመጥ የሚለካ መሣሪያ ነው። የብር ናኖፓርቲክል ላይ ብርሃን ሲያርፍ የላዩ ኤሌክትሮኖች አንድ ላይ ይወዛወዛሉ፤ ያ ከ400 እስከ 450 ናኖሜትር ባለው ክልል የመምጠጥ ጫፍ ሆኖ ይታያል። ሲልቨር ኦክሳይድም የጠቆረ ፖሊፌኖልም ይህን ጫፍ አይሰጡም። ቀለሙ ያልመለሰውን ጥያቄ የሚመልሰው ይህ ነው።

ከ300 እስከ 700 ድረስ ስካን አደረግን። መጀመሪያ የወጣው መስመር ላይ ጫፉ ጠፍጣፋ ነው፣ ተራራው አናቱ የተቆረጠ። ናሙናው ከመጠን በላይ ስለጨለመ መሣሪያው ማንበብ ከሚችለው አልፏል። አሥር እጥፍ ሲቀጥን 436 ላይ ደኅና ጫፍ ወጣ። ሁለተኛው ነገር ብላንክ፣ ማለትም መሣሪያው ዜሮ የሚደረግበት ማነጻጸሪያ ፈሳሽ፣ ነው፦ በውሃ ዜሮ ከተደረገ የጭማቂው የራሱ መምጠጥ ከጫፉ ጋር ተደርቦ ይመጣል። ያለ ብር በተመሳሳይ መጠን የቀጠነ ጭማቂ ነው ብላንክ መሆን ያለበት።

ስካን መሃል መብራት ሄደ። መብራቱ ሲመለስ አምፖሉ እስኪሞቅ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ አለበት፤ ካልተጠበቀ መስመሩ ይንሳፈፋል። ዩፒኤስ ለመግዛት የጠየቅነው ዋጋ ከሲልቨር ናይትሬቱ ይበልጣል። ከሌላ ክፍል ተዋስን።

ናሙናው ማቀዝቀዣ ውስጥ ቆይቶ ሲለካ ጫፉ ወደ ረዥሙ ሞገድ ትንሽ ተገፍቷል፣ ስፋትም ጨምሯል፤ ቅንጣቶቹ መጠጋጋት ጀምረዋል ማለት ነው። ከዚህ የባሰው ቀጥሎ ነው። የሰውነት ፈሳሽ ጨው 0.9 በመቶ ገደማ ነው፣ 154 ሚሊሞላር። ቅንጣቶቹን እዚያ የጨው መጠን ውስጥ ስንጨምራቸው ጫፉ ወዲያው ወደቀ፣ ከታች ግራጫ ነገር ተቀመጠ። ባትሪ ውሃ ውስጥ ለሳምንታት ጸንቶ የቆየው ነገር የቁስል እርጥበት ውስጥ ገብቶ ምን ይሆናል? ስለ መድኃኒትነቱ ከማውራት በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ ነው፤ ፈተናው አንድ ኩቬት (የመለኪያ ብልቃጥ) እና ቁንጥር ጨው ነው የሚፈልገው።

ታኅሣሥ፦ ማጠብና ማድረቅ

ለኤክስአርዲ (በኤክስሬይ የክሪስታሉን ዓይነት ለሚለየው ምርመራ) ደረቅ ዱቄት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ሒሳቡ አስደነገጠን። 1 ሊትር የ1 ሚሊሞላር ፈሳሽ ውስጥ ያለው ብር ሁሉ ቢሰበሰብ 0.108 ግራም ነው። ሁሉ ደግሞ አይሰበሰብም። በ100 ሚሊ ሊትር ፍላስክ ተሠርቶ ዱቄት ለመላክ ማሰብ ቀልድ ነው። በትልልቅ ቢከር በሊትር በሊትር መሥራት ተጀመረ፤ የባትሪ ውሃ ጀሪካን መመላለስ የባልደረባዬ ሥራ ሆነ።

ሴንትሪፊውጃችን 4,000 ዙር በደቂቃ ነው የሚዞረው። ሩብ ሰዓት ዞሮ ሲወጣ ከታች ጥቂት ዝቃጭ አለ፣ ከላይ ያለው ግን ያው ቡናማ ነው። ቅንጣት ፈሳሽ ውስጥ የሚዘቅጥበትን ፍጥነት የሚሰጠውን የስቶክስን ቀመር ይዘን ስናሰላ ለ20 ናኖሜትር ቅንጣት 5 ሴንቲ ሜትር ለመዝቀጥ በዚህ ፍጥነት ወደ 4 ሰዓት ግድም ይፈጃል። በ12,000 ዙር ቢሆን ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ ፍጥነት ሦስት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ዘጠኝ እጥፍ ነውና። ይህ ማለት በትንሹ ማሽን ለጥቂት ደቂቃ አዙሮ ከታች ያገኘውን «የእኔ ናኖፓርቲክል» የሚል ሰው የሰበሰበው ጥራጊውን ነው፤ ጥሩዎቹን ከላይ ካለው ጋር ደፍቷቸዋል። ትልቁ ማሽን ያለበት ክፍል ውስጥ ወረፋ ያዝን። ወረፋው ከሥራው ይረዝማል።

እማማ በዚህ ሰሞን ቅጠል ሲሰጡን፣ «ልጄ፣ ለቁስል ይሆናል አይደል?» አሉኝ። «ገና ነው እማማ፤ እንዳይሞክሩት» አልኳቸው። ቆየት ብለው፣ «ቅጠሉ መድኃኒት ከሆነ ሌላውን ምን ብላችሁ ትጨምሩበታላችሁ?» ብለው ጠየቁ። እውነቱን ለመናገር የጥናት ዕቅዳችን ላይ ይህ ጥያቄ በዚህ መልክ አልተጻፈም ነበር። ጭማቂው ብቻውን ባክቴሪያ ላይ ምን ያደርጋል የሚለው ዲስክ (የሚፈተነውን ፈሳሽ የያዘ፣ ባክቴሪያ ሳህን ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ክብ ወረቀት) የገባው ከዚህ በኋላ ነው።

ጥር፦ ኤክስአርዲ

ዱቄቱ ወደ አዲስ አበባ ተልኮ ውጤቱ ተመለሰ። ገንዘቡ የሚያልቀው እዚህ ነው፦ የናሙና ክፍያ፣ መላኪያ፣ ሲሳሳት ድጋሚ ክፍያ። ሲልቨር ናይትሬቱ 25 ግራም ጠርሙስ ከ140 ሊትር በላይ ስለሚሠራ ለአንድ ሥራ የሚደርሰው ድርሻ ትንሽ ነው።

ጫፎቹ 38.1፣ 44.3፣ 64.4 እና 77.4 ዲግሪ ላይ ናቸው፤ የብር ክሪስታል መለያ። ደስ አለን። ከዚያ 32.2 ላይ ያለውን አየነው፣ 27.8 እና 46.2 ላይም ትንንሽ አሉ። እነዚህ የብር አይደሉም፣ የሲልቨር ክሎራይድ ናቸው። ውሃው ተፈትሿል። ታዲያ ክሎራይዱ ከየት መጣ? ከቅጠሉ። ማንኛውም ቅጠል ውስጥ ክሎራይድ አለ፣ በሙቅ ውሃ ሲነከር አብሮ ይወጣል። ጭማቂው ላይ ብቻውን የክሎራይድ ፈተና ቀድሞ መሥራት ይቻላል፤ ናይትሪክ አሲድ ካልተጨመረ ግን ሌሎች ነገሮችም ከብሩ ጋር ስለሚዘቅጡ ያሳስታል። አሁን የጭማቂው መጠን ከ10 ወደ 5 ሚሊ ሊትር ዝቅ ብሏል፤ 32.2 ላይ ያለው ጫፍ ቢቀንስም አልጠፋም።

መጠኑን ከጫፉ ስፋት በሚያሰላው በሼረር ቀመር አሰላነው። 38.1 ላይ ያለው ጫፍ ስፋቱ ግማሽ ከፍታ ላይ 0.5 ዲግሪ ነው፤ በ0.15406 ናኖሜትር ኤክስሬይ 17 ናኖሜትር ይመጣል። ይህ የክሪስታሉ መጠን እንጂ የቅንጣቱ አይደለም፤ አንድ ቅንጣት ውስጥ ብዙ ክሪስታል ሊኖር ይችላል። የቅንጣቱን ለማየት ቴም (ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ) ያስፈልጋል፤ ለቴም ገንዘብ የለም። ስለዚህ የምንጽፈው «የክሪስታል መጠን» ብለን ነው።

በኢንፍራሬድ ብርሃን የኬሚካል ትስስር ዓይነት የሚያሳየው ኤፍቲአይአርም ተሠርቷል። 3,400 አካባቢ (በሴንቲ ሜትር የሞገድ ቁጥር) ሰፊ ጫፍ፣ 1,630 አካባቢ ሹል። ይህን ይዞ «ፍላቮኖይዱ ቅንጣቱን ሸፍኖታል» ማለት ይቻላል፤ ግን ማንኛውም እርጥበት ያለው የተክል ነገር ይህንኑ ይሰጣል። አልፈነዋል።

የካቲት፦ ባክቴሪያ

የማይክሮባዮሎጂ ሥራውን የሠራችው ሌላ ባልደረባችን ናት፤ እኛ ዳር ቆመን ነው ያየነው። ሙለር ሂንተን አጋር (ባክቴሪያ የሚያድግበት ጄል)፣ የባክቴሪያው ድፍርስ 0.5 ማክፋርላንድ (የድፍርስነት መለኪያ)፣ 6 ሚሊ ሜትር ዲስክ፣ 35 ዲግሪ፣ አንድ ሌሊት። የተጠቀመችው ኤ.ኮላይ ኤቲሲሲ 25922 እና ስታፍ ኦውሪየስ ኤቲሲሲ 25923 የተባሉ ለማነጻጸሪያ የሚያገለግሉ ባክቴሪያዎችን ነው። ዲስኮቹ፦ ናኖፓርቲክል፣ ጭማቂ ብቻ፣ እኩል ብር ያለው ሲልቨር ናይትሬት፣ ውሃ፣ ጄንታማይሲን (አንቲባዮቲክ) 10 ማይክሮግራም።

ሲልቨር ናይትሬት ያለበትን ዲስክ ያስገባችው እሷ ናት፤ «እሱ ከሌለ ሳህን አላባክንም» አለች። ልክ ነበረች።

ውጤቱ። ውሃው ምንም። ጭማቂው በዚህ መጠን ምንም። ናኖፓርቲክሉ በሁለቱም ላይ ባክቴሪያ ያላደገበት ክብ ሰጠ፣ በኤ.ኮላይ ላይ ትንሽ ሰፋ ይላል። ሲልቨር ናይትሬቱ ከናኖፓርቲክሉ እኩል ወይም ትንሽ የሰፋ። ጄንታማይሲን ሁሉንም በሩቅ ይበልጣል። ጽሑፎች ላይ የኤ.ኮላይ ግድግዳ የፔፕቲዶግላይካን ሽፋኑ ስስ ስለሆነ ብር ይቀለዋል ይባላል፤ ሊሆን ይችላል፣ በአንድ ሳህን ግን አይፈረድም።

ያለ ሲልቨር ናይትሬቱ ዲስክ ይህ «በግራዋ የተሠራ ፀረ ባክቴሪያ» ተብሎ በደስታ ይጻፍ ነበር። ከእሱ ጋር ሲታይ ግን ጥያቄው ይቀየራል፦ የገደለው ቅንጣቱ ነው ወይስ ከቅንጣቱ ጋር የቀረ፣ ያልተለወጠ የብር አዮን? የብር አዮን ባክቴሪያ እንደሚገድል አዲስ ነገር አይደለም። ጀርመናዊው ካርል ክሬዴ በ1881 ለአራስ ሕፃናት ዓይን የሲልቨር ናይትሬት ጠብታን አስተዋውቋል፤ ሲልቨር ሰልፋዳያዚን ቅባትም ከ1968 ጀምሮ ለቃጠሎ ሲያገለግል ኖሯል። ግራዋው ከእነዚህ በላይ ምን አመጣ የሚለውን ካልመለስን ገና ምንም አላመጣንም።

ደግሞም ዲስኩ ራሱ ለናኖፓርቲክል ትክክለኛ ሚዛን አይደለም። አዮን አጋር ውስጥ በቀላሉ ይሰራጫል፤ ቅንጣት ግን ትልቅ ስለሆነ እዚያው ዲስኩ አካባቢ ይቀራል። ትንሽ ክብ ማለት ደካማ ማለት ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ባክቴሪያ በሚያድግበት ፈሳሽ (ሾርባ) ማቅጠን፣ ኤምአይሲ (እድገት የሚያስቆመውን ትንሹን መጠን) መፈለግ፣ በ96 ጉድጓድ ሳህን። ሳህኑ ውድ ነው፤ በሙከራ ቱቦ ተሠራ። የናኖፓርቲክሉ ቡናማ ቀለም ድፍርስነቱን ስለሚሸፍን በዓይን አይነበብም፤ ከየቱቦው ወደ አጋር ተቀብቶ ማደግ አለማደጉ ታየ።

ወሳኙ ፈተና ግን ርካሹ ሆኖ ተገኘ። በትልቁ ሴንትሪፊውጅ ቅንጣቶቹን አውርዶ ከላይ የቀረውን ጥርት ያለ ፈሳሽ ለብቻው መሞከር ነው። ያልታጠበው ናሙና ላይ የላዩ ፈሳሽ ክብ ከናኖፓርቲክሉ ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረው። ቅንጣት የለበትም፤ በዩቪ-ቪዝ ታይቷል፣ 436 ላይ ባዶ ነው። ስለዚህ ያየነው ግድያ አብዛኛው የአዮኑ ነበር። ደጋግሞ የታጠበው ናሙና ደግሞ ክቡ ጠበበ እንጂ አልጠፋም። እሱ የቀረችው ጠባብ ክብ ናት የቅንጣቱ ድርሻ ልትሆን የምትችለው፤ እሷም ቢሆን ቅንጣቱ ቀስ በቀስ አዮን እየለቀቀ ሊሆን ይችላል።

በዚህ መሃል አንድ የምናውቀው ሰው በጠርሙስ ስጡኝና ለጨጓራዬ ልጠጣው አለ። አይጠጣም። ብር ለረዥም ጊዜ የሚጠጣ ሰው ቆዳው ሰማያዊ ግራጫ ሆኖ ይቀራል፣ አርጂሪያ ይባላል፣ አይመለስም። ባክቴሪያ ሳህን ላይ ሞተ ማለት ሰው ውስጥ ይሠራል ማለት አይደለም፤ የሰው ሕዋስ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ገና አልተለካም። ለካንሰር የሚሉም አሉ፤ ሳህን ላይ ያለ ሕዋስ በአልኮልም ይሞታል። ጠርሙሶቹ አሁን ቁልፍ ባለው ቁም ሳጥን ውስጥ ናቸው።

የካቲት መጨረሻ፦ ዝቃጭና ቀጣዩ ዙር

ትርፍራፊው ሁሉ አንድ ጀሪካን ውስጥ ነው የሚሰበሰበው። የገበታ ጨው ሲጨመርበት ያልተለወጠው የብር አዮን ሲልቨር ክሎራይድ ሆኖ ይዘቅጣል፣ ጨው የነካቸው ቅንጣቶችም ተጣብቀው ይቀመጣሉ። ከላይ ያለው ተፈትኖ ሌላ ጠብታ ጨው ሲያገኝ ካልደፈረሰ በኋላ ይለያል፤ ዝቃጩ ደርቆ ይቀመጣል። አዌቱ ከተማውን አቋርጦ የሚሄድ ወንዝ ነው፣ የብር አዮን ደግሞ ለዓሣና ለአልጌ መርዝ ነው፤ ማጠቢያ ገንዳው ውስጥ የሚደፋ የለም።

ለቀጣዩ ዙር የተቀየሩት እነዚህ ናቸው። ጭማቂ 5 ሚሊ ሊትር፣ ፒኤች 8፣ 60 ዲግሪ፣ ፎይል። ከእያንዳንዱ ባች ዩቪ-ቪዝ በፊትና በኋላ፣ የጨው ፈተና ባክቴሪያ ሳህን ከመዘጋጀቱ በፊት፤ ጨው ላይ የወደቀ ባች ወደ ማይክሮባዮሎጂ አይሄድም። የላዩ ፈሳሽ ዲስክ በየሳህኑ ቋሚ ነው። ሴንትሪፊውጅ ወረፋውን ለማምለጥ የዲያሊሲስ ቱቦ ታዟል፤ አዮኑ በቀዳዳው ይወጣል፣ ቅንጣቱ ይቀራል፣ ውሃው ይቀያየርለታል። ቱቦው እስኪደርስ የገለፈቱ ጠርሙስ ይከፈታል፤ እሱ ላይ የክሎራይድ ፈተናው ቀድሞ ይሠራል፣ ናይትሪክ አሲድ ተጨምሮ።